ስድስት መቶ ሰው በአንድ ወገን

የምተርክላችሁ ነገር ቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያለቀ ነው። ሰው ሕይወቴን ለወጠው የሚለው ነገር ብዙውን ጊዜ ያሻሻለለትን ነው። የእኔን አላሻሻለውም። ለውጦታል፤ ለዚህ ጽሑፍ ይህ ይበቃል።

ያን ጊዜ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። በመዋቅር ምሕንድስና ሦስተኛ ዲግሪዬን በውጭ አገር ሠርቼ፣ ተመልሼ ዘጠኝ ዓመት በዩኒቨርሲቲ አስተምሬ፣ በመጨረሻ ያቀረብኩት የምርምር ዕቅድ በአንድ ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ ሦስት ዓመት ስለተኛ ሥራዬን ለቅቄ፣ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ባለው የአባቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። ኃላፊው ዕቅዱን ሲመልስልኝ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ለመሆኑ ይኼ ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል?» እሱ ራሱ የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው ስለ አሳንሰር ነበር።

ዕቅዱ በሕዋ ውስጥ ስለሚሽከረከሩ የሰው መኖሪያዎች ነበር። ነገሩ በቀላሉ እንዲህ ነው። ሰው ክብደት በሌለበት ቦታ ለዓመታት ከኖረ አጥንቱ ይሳሳል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል። ስለዚህ መኖሪያውን እንደ ጎማ ክብ አድርጎ ማሽከርከር ያስፈልጋል። በሚሽከረከረው ጎማ ጠርዝ ውስጥ ያለ ሰው ወደ ውጭ ሲገፋ እግሩ ወለል ይረግጣል፤ ክብደት ያገኛል። ጎረቤቱ ከፊቱ ሽቅብ በሚወጣው ወለል ላይ ይኖራል፤ ከጎማው ማዶ የሚኖረውን ሰው ደግሞ ቀና ብሎ አናቱን ያያል። መርከቦች የሚገቡትና የሚወጡት በመሐሉ እምብርት በኩል ነው።

የእንዲህ ዓይነት መኖሪያዎች ሥዕል ሞልቷል። አብዛኛው ውሸት ነው። ፏፏቴው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በሚሽከረከር ቤት ውስጥ ውሃ አግድም ሸሽቶ ነው የሚወድቀው። ግድግዳው ውፍረት የለውም፤ ወለሉ ምን እንደተሸከመ የሠራው ሰው አያውቅም። እኔ በኮምፒውተር የምሠራው ሞዴል አንድ ሕግ ነበረው፦ ክብደቱ ያልታወቀ ነገር አይገባበትም። እያንዳንዱ በር፣ እያንዳንዱ ቧንቧ፣ የአትክልቱ አፈር ሳይቀር በኪሎ ተመዝግቧል። አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

በዚያ ዓመት አንድ የውጭ ተቋም ተጨባጭ የሆኑ ሞዴሎችን ለማወዳደር ጥሪ አወጣ። ያሸነፈው ሰው ከተቋሙ የንድፍ ቡድን ጋር ለሁለት ዓመት ይቀጠራል። ይህን ሥራ እንዴት እንደፈለግሁት አላብራራም፤ ሌላ የሚጠብቀኝ ነገር አልነበረም። ያሬድ የሚባል አርክቴክት፣ የቀድሞ ባልደረባዬ፣ የውስጡን ቤቶችና መንገዶች ነድፎልኝ ነበር። ማስረከቢያው ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ የመጨረሻዎቹን ምስሎች አስልቶ ለመጨረስ ከዓርብ ጠዋት እስከ ሰኞ ጠዋት ያለማቋረጥ መሥራት ነበረበት።

ቅዳሜ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከፊት ለፊት ግቢ ጩኸት ተሰማ። እትዬ ብርቄ ሞተዋል። እትዬ ብርቄ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ሠፈሩ «ዶክተር» እያለ ሲጠራኝ ሰምተው ሦስት ጊዜ ደም ግፊታቸውን እንድለካላቸው የጠየቁኝ ሴት ናቸው። ሦስቱንም ጊዜ የዚያ ዓይነት ዶክተር አለመሆኔን አስረድቻቸዋለሁ። ሦስተኛው ላይ ድምፄ ጥሩ አልነበረም።

ሦስት ሰዓት ላይ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ጋሽ ደሳለኝ ናቸው፤ የእድሩ የዕቃ ኃላፊ። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ ሁሉ በእጃቸው ነው። ከኋላቸው እትዬ አልማዝ፣ ሦስተኛው ቤት ያሉት ጎረቤቴ፣ በሁለት እጃቸው ባዶ ጀሪካን ይዘው ቆመዋል።

«እንደምን አደርሽ ዶክተር» አሉ ጋሽ ደሳለኝ። «መስመር ፈልገን ነበር። ለድንኳኑ መብራትና ለመዘምራኑ ድምፅ ማጉያ። ያንቺ ቤት ነው የሚቀርበው።»

ደንቡን አውቀዋለሁ። ድንኳን ሲተከል ኤሌክትሪክ ከቅርቡ ቤት ይሳባል፤ የሚከለክል የለም።

«አልችልም» አልኳቸው። «ማሽን እየሠራ ነው። ጭነት በዝቶበት ቆጣሪው መብራቱን ከጣለው የሦስት ቀን ሥራ ከዜሮ ይጀምራል።»

«ምን የሚሠራ ማሽን ነው?»

«የሚያሰላ።»

«ምን ያሰላል?»

እትዬ አልማዝ ጀሪካኑን አስቀመጡ። «ተዋት ጋሽ ደሳለኝ። ዶክተር ሬሳ አታክምም። በቁማቸውም አላከመቻቸውም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ውሃሽን ቅጂ» አሏቸው ጋሽ ደሳለኝ ሳይቆጡ። ወደ እኔ ዞሩ። «ከልክላ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ምን ብዬ ልመልስለት? እስቲ ማሽኑን አሳዪኝና አይቻለሁ ልበል።»

ያስገባኋቸው ቶሎ እንዲሄዱልኝ ነው። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፤ አያውልቁ ብላቸውም አልሰሙኝም። ስክሪኑ ላይ ክቡ በጥቁሩ ሕዋ ውስጥ በዝግታ ይዞራል። ጋሽ ደሳለኝ መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አደረጉና ጠጋ ብለው አዩት።

«ጎማ ነው» አሉ።

«መኖሪያ ነው። በሕዋ ውስጥ ሰው የሚኖርበት።»

«ጎማ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች።»

«እንደዚያ ካሉት።»

«በደቂቃ ስንት ይዞራል?»

ከዩኒቨርሲቲው ኃላፊዎች ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። «ሦስት ጊዜ» አልኩ።

«ዝግ ያለ ነው። ትልቅ ነዋ።»

«ከመሐሉ እስከ ጠርዙ መቶ ሜትር።»

«ባላንሱን ማን ሠራው?»

ጋሽ ደሳለኝ ጡረታ እስኪወጡ አየር ጤና አካባቢ ጎሚስታ እንደነበሩ የዚያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አባቴ መኪናውን ወደ እሳቸው ይዞ ይሄድ ነበር። ፈገግ አልኩ መሰለኝ፤ ከንቀት የመጣ ፈገግታ ነው። «እኔ ሠራሁት። ሚዛኑ እስከ ኪሎ ድረስ የተጠበቀ ነው።»

«ሰዉንም ጨምሮ?»

«ሰዉንም ጨምሮ። ስድስት መቶ ሰው፣ ለእያንዳንዱ ስልሳ ኪሎ።»

«የት የት አስቀመጥሻቸው?»

«በየቤታቸው። ዙሪያውን እኩል ተከፋፍለዋል።»

ጋሽ ደሳለኝ መነጽራቸውን አውልቀው በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ሰዎች የድንኳኑን ብረት እያቆሙ ነበር።

«ዛሬ ሰው በየቤቱ ነው እንዴ?» አሉ።

ዘወር ብለው እንደገና ወደ ስክሪኑ አዩ።

«እዚያ ሰው ሲሞት ድንኳኑን የት ነው የሚተክሉት?»

«ድንኳን የለም።»

«አይሞቱም?»

«ይሞታሉ።»

«እና ታዲያ ሰዉ ሁሉ ለቅሶ ቤት ሲሄድ፣» አሉና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ፣ በጠርዙ አንድ ቦታ አሳረፉ። «ስድስት መቶው እዚህ ጋ ቁጭ ሲል፣ ጎማው አይመታም? እኔ እንኳ ጥፍር የምታህል የሚዛን እርሳስ ከጎማው አንድ ወገን ስትጎድል መሪው ሲንቀጠቀጥ እያየሁ ነው የኖርኩት።»

«ጋሽ ደሳለኝ፣ ይህ ሰባት ሺህ ቶን ነው። መኪና አይደለም።»

«እሱስ አንቺ ታውቂያለሽ» አሉ። በትሕትና ነው ያሉት፤ ያናደደኝም ይኸው ነው። ጫማቸውን አጥልቀው «መስመሩን ከአልማዝ ቤት እንስባለን፤ ራቅ ይላል እንጂ ይደርሳል» ብለው ወጡ።

ላስተባብላቸው ነበር የተነሳሁት። ስድስት መቶ ሰው ከሰባት ሺህ ቶን ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የማይገባ መሆኑን ለራሴ በአንድ መስመር ጽፌ ልተወው። ግን መጀመሪያ ሰው በእርግጥ ምን ያህል እንደሚሰበሰብ ማወቅ ነበረብኝ፤ በግምት አልሠራም። ወደ ሰገነቱ ወጣሁ።

ከዚያ ሆኖ ሠፈሩ ግልጽ ብሎ ይታያል። የሻይ ቤቱ በር ተዘግቷል። ሱቁ ተዘግቷል። ከማዞሪያው በኩል፣ ከላይኛው ቅያስ፣ ከየግቢው የወጣ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ይፈሳል። የእትዬ ብርቄ ቤተሰቦች ጴንጤዎች ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን በአንድ ሚኒባስ ተጭነው መጡ። እድሩ ግን የሁሉም ስለሆነ ነጠላ ያደረጉትም፣ የሙስሊም ጎረቤቶችም፣ ከከተማ ዳር የመጡ በኦሮምኛ የሚላቀሱ ዘመዶችም እዚያው ናቸው። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ከየአቅጣጫው ባሉት ስልሳ ያህል ቤቶች ውስጥ የቀረ አዋቂ ሰው አንድ ብቻ ሆነ። እሱም እኔ ነኝ።

ወርጄ ወረቀት አነሳሁ። ስድስት መቶ ሰው በስልሳ ኪሎ፣ ሠላሳ ስድስት ቶን። ለሰባት ሺህ ሲካፈል፣ በመቶ ሜትር ሲባዛ። ሃምሳ አንድ ሳንቲ ሜትር። እንደገና ሠራሁት። ያው ነው። በሦስተኛውም ጊዜ ቁጥሩ አልተለወጠም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ ልንገራችሁ። ሁሉም ሰው በአንድ ወገን ሲሰበሰብ መኖሪያው የሚዞርበት እውነተኛ ማዕከል ግማሽ ሜትር ከቦታው ይሸሻል። እምብርቱ ቀጥ ብሎ መሽከርከሩን ትቶ በየሃያ ሴኮንዱ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ክብ እየሠራ ይወዛወዛል። መርከብ የሚገባበትን በር የነደፍኩት ስምንት ሳንቲ ሜትር ብቻ ስህተት እንዲችል አድርጌ ነው። በለቅሶው ቀን ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ በዚያ በር ቢገባ መርከቡ ከግድግዳው ጋር ይላተማል።

ይህን ስህተት ሰው ብቻውን ኖሮ ብቻውን በሚሞትበት አገር ያደገ ሰው ቢሠራው ይገባኛል። እኔ ግን እዚህ ሠፈር ተወልጄ፣ በልጅነቴ አባቴ በሞተ ቀን የገዛ ቤቴ ወለል በሰው ብዛት ሲነቃነቅ ያየሁ ሰው ነኝ። ሰው በየቤቱ እኩል ተከፋፍሎ እንደሚቀመጥ የተማርኩት ከመጽሐፍ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉም መጽሐፉን አምኜ ዓይኔን አላመንኩም።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ማሽኑን አቆምኩት። ስሌቱን ማስቀጠል ምንም ትርጉም ስላልነበረው የማራዘሚያ ገመድ ይዤ ወጣሁና ለጋሽ ደሳለኝ ሰጠኋቸው። እትዬ አልማዝ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አዩኝ።

«ምነው፣ ማሽኑ ሞተ እንዴ?»

«አዎ።»

«ነፍስ ይማር» አሉና ከአጠገባቸው ሸሸት ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ። ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም።

እሁድ ጠዋት ለያሬድ ደወልኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ከዚያ «ማን ያየዋል?» አለ።

«እኔ አየሁት።»

«አንቺ ገምጋሚ አይደለሽም። ስሚኝ፤ የባለፈው ሳምንት ምስሎች አሉ። ጥራታቸው ትንሽ ቢያንስም ይበቃሉ። እነሱን ላኪ።»

«ያሬድ፣ መርከቡ ይላተማል።»

«የትኛው መርከብ? መርከብ የለም! ሰውም የለም! ሞዴል ነው እኮ።» ትንፋሹ ይሰማኛል። «እሺ፣ እንዲህ አድርጊ። አንድ የመተዳደሪያ ደንብ ጨምሪ። ከዚህ ቁጥር በላይ ሰው በአንድ ቦታ መሰብሰብ ክልክል ነው በይ። ግማሽ መስመር ነው። አለቀ።»

ይህ የሞኝ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ። መሐንዲሶች በየቀኑ የሚያደርጉት ነው፤ አሳንሰር ላይም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ቁጥሩን አሰላሁት። ስምንት ሳንቲ ሜትር የሚፈቅደው ለዘጠና ሦስት ሰው ነው። ጻፍኩት፦ «ከዘጠና ሦስት በላይ ነዋሪዎች በአንድ ወገን መሰብሰብ አይችሉም።» ዓረፍተ ነገሩ ንጹሕ ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል እዚያው ተውኩት።

ከዚያ በመስኮቱ ድንኳኑን አየሁ። ዘጠና አራተኛውን ለቀስተኛ ማን ይመልሰዋል? በሩ ላይ ማንን ያቆማሉ? እትዬ አልማዝ «ቁጥሩ ሞልቷል» ሲባሉ የሚመልሱትን መልስ ቃል በቃል መጻፍ እችላለሁ፤ እዚህ ግን አይጻፍም። ደንቡ በመጀመሪያው ሞት ይጣሳል፤ የሚጣሰውም በክፋት አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን ሰረዝኩት። ከሰው ፍቅር የተነሳ አልነበረም። የማይሠራ ዕቃ ስለነበር ነው።

የሚሠራውን መፍትሔም አውቀው ነበር፤ ጎሚስታው ከከባዱ ወገን ማዶ እርሳስ እንደሚለጥፈው ሁሉ፣ ከሰዉ ማዶ ውሃ ማከማቸት። በጠርዙ ዙሪያ ታንከሮች፣ በመካከላቸው ቧንቧና ፓምፕ፤ ሰው ወደ አንድ ወገን ሲሰበሰብ ውሃው ወደ ሌላው ይሄዳል። ሠላሳ ስድስት ቶን ውሃ በአርባ ደቂቃ፤ አርባ ደቂቃው ከሰገነት ላይ የለካሁት ነው። ግን ታንከሮቹ ሲገቡ ወለሉ ከፍ ይላል፣ የያሬድ ቤቶች ይቀየራሉ፣ የእያንዳንዱ ነገር ክብደት እንደገና ይሰላል። ቢያንስ አራት ቀን።

የሦስት ቀን ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጡኝ፣ ምክንያቱንም ዘርዝሬ፣ ለተቋሙ ጻፍኩ። ሰኞ ጠዋት በሁለት መስመር መለሱልኝ፦ ቀነ ገደቡ ለሁሉም እኩል ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ ያሬድ ደወለ። «የድሮዎቹን ምስሎች ላክሻቸው?»

«አልላክሁም።»

«የእኔም ስም አለበት። የሁለት ዓመቱ ቅጥር የእኔም ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም» አለ። «አንቺ ትክክል ከሆንሽ ሌላው ሰው ምን እንደሆነ ግድ ሰጥቶሽ አያውቅም።» ስልኩን ዘጋው። የተናገረው እውነት ነው፤ ስለዚህ መልሼ አልደወልኩም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ነበር። የድሮዎቹ ምስሎች በአንድ ፎልደር ውስጥ ተዘጋጅተዋል፤ የቀረው አንድ ጣት ማንቀሳቀስ ነው። ውጭ መዘምራኑ እየዘመሩ ነበር። ሰዓቱ አለፈ። ዘጠኝ ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ሲሆን የማስረከቢያው ገጽ ራሱን ዘጋ። ጀግንነት አልተሰማኝም። የተሰማኝ የጥርስ ሕመም ዓይነት ነገር ነው፣ የማያቋርጥና ደደብ።

የተስተካከለውን ሞዴል ሐሙስ ጨረስኩ፤ ከሦስት ገጽ ማብራሪያ ጋር ላክሁት። መልሱ ትሑት ነበር። ጊዜው ስላለፈ ለውድድር እንደማይቀርብ፣ ማብራሪያውን ግን «በከፍተኛ ፍላጎት» እንዳነበቡት ገለጹልኝ። ያሸነፈው ሥራ ሁለት ሺህ ሰው የሚይዝ ነው። ውብ አደባባይ አለው። አደባባዩ በአንድ ወገን ነው።

ለጋሽ ደሳለኝ የሆነውን ነገርኳቸው፤ መንገር ስለነበረብኝ ነው። የእድሩን አግዳሚዎች እየቆጠሩ ሰሙኝ።

«ተሸነፍሽ ማለት ነው?»

«አዎ።»

«በእኔ ምክንያት።»

«በስህተቴ ምክንያት። እርስዎ ያሳዩኝ ነው።»

«አሁንስ ባላንስ ሆነ?»

«ሆነ።»

«እንግዲህ ምን ታደርጊዋለሽ» አሉ። «የእኔ ሥራም ሁልጊዜ የሚሄደው በሰው መኪና ነበር።» ይህ እንደማያጽናናኝ ነገርኳቸው። «ላጽናናሽ አይደለም» አሉና ቆጠራቸውን ቀጠሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ትሕትና እንድትማር አልፈልግም፤ እኔም አልተማርኩም። ለቅሶ እሄዳለሁ፤ ደግ ስለሆንኩ አይደለም፤ ስለ ሰው የማውቀው ሁሉ ከዚያ አግዳሚ ላይ ሆኜ የቆጠርኩት ስለሆነ ነው። አሁን ሞዴል ስጀምር ግድግዳ አላስቀድምም። መጀመሪያ እጠይቃለሁ፦ እዚህ ሰው ሲሞት የት ይሰበሰባል? መጥፎ ወሬ ከመጣ በየትኛው በር ይሮጣሉ? ለሠርግ ስንት ሰው ይጠራል፣ ሳይጠራስ ስንት ይመጣል? ለዚህ መልስ የሌለው ንድፍ፣ ያማረ ቢሆንም፣ ገና ሰው አልገባበትም። ያሬድ እስካሁን አያናግረኝም። ይህንንም ከውጤቱ ጋር እቆጥረዋለሁ።

ከአምስት ወር በኋላ ግን አንድ መልእክት ላከልኝ፤ ሰላምታም ቃልም የሌለው አንድ ገጽ። የሚቀጥለው ዙር የውድድር ደንብ ነው። በአሥራ አራተኛው ተራ ቁጥር አዲስ መስፈርት ተጨምሯል፦ ተወዳዳሪዎች ነዋሪዎቹ በሙሉ በአንድ ቦታ ቢሰበሰቡ የመኖሪያው ሚዛን እንዴት እንደሚጠበቅ በስሌት ማሳየት አለባቸው። ሁለት ቃላት ከማብራሪያዬ እንዳሉ ተወስደዋል። የማንም ስም የለም።

ገጹን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ተናድጄ ደብዳቤ ጀመርኩ፤ ደብዳቤውን ተውኩትና የመወዳደሪያውን ቅጽ ሞላሁ። በአሥራ አራተኛው መስፈርት ፊት ሁለት ሳጥኖች ብቻ አሉ፦ «ተሟልቷል»፣ «አልተሟላም»። የመጀመሪያው ላይ ምልክት አደረግሁና፣ ከቀነ ገደቡ ስድስት ቀን ቀድሜ፣ ላክሁት።